በሒሳቡ ውስጥ «አሁን» የለም

ፖትስዳም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ቀናው ወልደሩፋኤል፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም እማዬም በደህና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ከጀርመን ብርድ በቀር የምከሰው የለኝም፤ አምላክ ይመስገን።

የነሐሴ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ‹ጊዜ ለሁሉም እኩል ይፈሳል› ብዬ ስጽፍ ኖሬ፣ አሁን አንቺ ውሸት ነው ልትዪኝ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ውሸት አላልኩም፣ ጋሼ። ለጅጅጋ ይበቃል ነው ያልኩት። ባቢሌ ላይ ሁለት የጭነት መኪናዎች ሲተላለፉ ያስቡ፤ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ እናንተ። ሁለቱ ሾፌሮች በመስኮት ሰላም ሲባባሉ የሁለቱም ሰዓት እኩል ነው። ነገር ግን በመንገዳቸው አቅጣጫ እጅግ ሩቅ የሆነ ጋላክሲ ቢኖርና «እዚያ አሁን ምን ቀን ነው?» ብለው ቢያሰሉ፣ የአንዱ መልስ ከሌላው በሁለት ወር ያህል ይለያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን ሐሰተኛ የሚያደርግ ዳኛ የለም።

እርስዎ በክፍል ውስጥ «ያለፈው የለም፣ የሚመጣው ገና ነው፣ ያለው አሁን ብቻ ነው» ይሉን ነበር። ያ አሁን የማን አሁን ነው? እዚህ ያሉት ፈላስፎችም የተጣሉት በዚሁ ነው። እኔ ግን የፈነዱ ክዋክብትን ብርሃን እየለካሁ ደመወዜን እቀበላለሁ፤ ጠቡን ለእነሱ ትቻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እማዬን ሳል እንደያዛት ጽፈውልኛል። ለገና ልመጣ አስቤ የአውሮፕላን ቦታ አስይዣለሁ። ችግሩ ጥር ላይ ከባድ ፈተና አለብኝ፤ ካለፍኩ ለዶክትሬቱ ያስቀጥሉኛል፣ ከቀረሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እማዬ ትወስን። ይህን ያንብቡላትና የምትለውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ነይ ካለች እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ማህደር ኃይለልዑል

---

ጅጅጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር፤

የአባትሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ያለ ወቅቱ ዘንቦ መንገዱን ስለቆረጠው ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

እኔ ትምህርት ቤቱን ትቼ ቢሮ ገብቻለሁ። የአማርኛ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። ከእንግዲህ ስለ ጊዜ የማስተምረው ሰው የለኝምና ስለ ሁለቱ መኪናዎች የጻፍሽውን ለብቻዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሒሳቡን ሠራሁት። ወጣልኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የቆመበት ወለል ወረቀት መሆኑን በሒሳብ ሲያረጋግጥ ምን እንደሚሰማው ስትሸመግዪ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ ሳሉ እየተሻላት ነው። ይህን ስጽፍ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጎረቤታችን ኻድራ ጠዋትና ማታ የግመል ወተት ይዛላት ትመጣለች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ቃሏ ይህ ነው፦ «ልጄ ሆይ፣ የጀመርሽውን ሳትፈጽሚ ወደ ኋላ እንዳትመለሺ። እኔ በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ። ፈተናሽን እለፊ፤ ከዚያ በኋላ በሰፊው እንገናኛለን።»

እንግዲህ ሰምተሻል። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ ሰፈር በጽኑ የታመመ ሰው አለ። ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ከወዲያ ማግኘት ብትችዪ በፍጥነት ላኪልኝ። እዚህ ያለው አይዝለትም።

አጎትሽ
ቀናው ወልደሩፋኤል

---

ፖትስዳም፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድዎት ጋሼ፤

በእናንተም ቤት በእኔም ጓዳ ጤና ይደር። ደብዳቤዎ ታኅሣሥ 3 ደረሰኝ። በዚያው ቀን ቦታዬን ሰረዝኩ። ዕቃዬን ግማሽ በግማሽ አሰናድቼ ስለነበር መልሼ ስፈታ ትንሽ አለቀስኩ፤ ለእማዬ እንዳይነግሯት።

መድኃኒቱን አንድ ሐኪም ወዳጄ አግኝቶልኝ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ተነሥቷል። ግን ማን ነው የታመመው? ስሙን አልጻፉልኝም። አውቀዋለሁ?

ጥምቀት ዕለት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ቴሌ እደውላለሁ። እማዬን ይዘዋት ይምጡ። ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ልጅዎ ማህደር

---

ጅጅጋ፣ የካቲት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጥምቀት ዕለት የስልኩ መስመር ተበላሽቶ ነበር አሉ። ቢሠራም እናትሽ ጆሮዋ ደክሟልና ሰው በተሰበሰበበት ቢሮ ውስጥ መጮኽ አትወድም። በደብዳቤው እንቀጥል። መድኃኒቱ ደርሶኛል፤ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ያ ሰው አሁን አያስፈልገውም። ለጤና ጣቢያው ሰጠሁት። ሌላ እንዳትልኪ።

እናትሽ እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ ሆይ፣ የፈተናሽን ውጤት በጉጉት እጠባበቃለሁ። ስለ እኔ አትጨነቂ።»

እኔ ከገና በፊት ጀምሮ እዚሁ እሷ ቤት ነው የማድረው። ቤቱ ባዶውን እንዳያድር ብዬ ነው። ማታ ማታ ኩራዝ አብርቼ የላክሽልኝን መጽሐፍ ፊደሉን እቆጥራለሁ እንጂ አነባለሁ ማለት አይቻልም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ መምህር መልሺልኝ። በዚያ በእናንተ ሒሳብ ያለፈ ነገር አለ ይባላል ወይስ የለም? አንድ ሰው ትናንት ነበረ እንበል። ትናንትናው ራሱ የሆነ ቦታ አለ? ወይስ ጨርሶ ጠፋ? አስረግጠሽ ጻፊልኝ። በቀላሉ እንዳታልፊው።

አጎትሽ ቀናው

---

ፖትስዳም፣ መጋቢት 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድዎት ጋሼ፤

ከሰላምታዬ በፊት የምሥራቹን ልንገርዎ፤ ፈተናዬን አልፌያለሁ! ሰላምታውም አብሮ ይድረስዎ። ለእማዬ አሁኑኑ፣ ይህን ወረቀት እንደያዙ ይንገሯት።

ሌላም ትልቅ ወሬ አለ። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች እኛ የምንለካቸውን ዓይነት የፈነዱ ክዋክብት ሲለኩ፣ ብርሃናቸው ከተጠበቀው በታች ደብዛዛ ሆኖ አገኙት። መጀመሪያ ራሳቸውን አላመኑም። ደግመው ደጋግመው ለኩ። ትርጉሙ ጽንፈ ዓለሙ መስፋቱን እያዘገመ ሳይሆን እያፋጠነ ነው ማለት ነው። ምን እንደሚገፋው የሚያውቅ የለም። ከእኛ የሚሸሹ ጋላክሲዎች አሉ፤ ዛሬ የሚልኩት ብርሃን መቼም አይደርሰንም። ፕሮፌሰሬ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ከነገ ጀምሮ የማስተምረው ሌላ ነው» አሉ። እርስዎን አስታወሱኝ።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ እንዲህ ነው። ሒሳቡ ላይ «አሁን» የሚል ምልክት የለም። ፈልገው አያገኙትም። ጊዜ እንደ ቦታ ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ጅጅጋ ስላልሆንኩ ጅጅጋ የለችም እንደማልለው ሁሉ፣ ትናንት ላይ ስላልቆምኩ ትናንት የለም ማለት አልችልም። ብዙዎች እንዲህ ነው የሚረዱት፤ የነበረ ሁሉ በነበረበት አለ። ይህን የማይቀበሉም አሉ፤ ሒሳቡ ስለ ልካችን እንጂ ስለ መኖር አይናገርም ይላሉ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አላውቅም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። «ቤቱ ባዶውን እንዳያድር» ሲሉ አልገባኝም። እማዬ የት ሄዳ ነው? ደግሞ እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው «ልጄ ሆይ» የምትለኝ? «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ። የሚቀጥለውን ራሷ እንደምትናገረው ይጻፉልኝ እንጂ እንደ ቢሮ ደብዳቤ አያርቁት።

ልጅዎ ማህደር

---

ጅጅጋ፣ ሰኔ 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር፤

ያለፍሽበት ፈተና የበረከት ይሁንልሽ። ወሬውን ስሰማ ቢሮ ውስጥ ብድግ ብዬ ቆምኩ። አለቃዬ አቶ ባሺር ደንግጦ «ምን ሆንክ?» አለኝ። «ልጄ አለፈች» አልኩት። እጄን ጨበጠኝ።

የጊዜውን ነገር የመለስሽልኝ መልስ በልቤ ትልቅ ቦታ ገብቷል። እንግዲያው የነበረ ነገር አይጠፋም ማለት ነው። የምንወደው ሰው በነበረበት ዓመት ውስጥ ሙሉውን አለ፤ ያጣነው መንገዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ይህን በሒሳብ የሚያረጋግጥ ትውልድ ማየቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቤቱ የጻፍኩት ቃል ስቼ ነው። እናትሽ ወደ ጸበል ሄዳ ነበር። አሁን ተመልሳለች። «አንቺ ልጅ፣ ኮርቼብሻለሁ» ብላሻለች።

አጎትሽ ቀናው

---

ፖትስዳም፣ ነሐሴ 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአቶ ቀናው ወልደሩፋኤል፤

የኻድራ ልጅ ዐናብ ጀርመን ገብታለች። በርሊን የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ ናት። አድራሻዬን ከእናቷ ተቀብላ ኖሮ ካርድ ጻፈችልኝ፤ ቅዳሜ ሄጄ አገኘኋት። ገና ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«አብሽሪ ማህደር» አለችኝ። «ወላሂ ያኔውኑ ልጽፍልሽ ነበር። ይኸው ስምንት ወር ሆነ።»

«ከምኑ ስምንት ወር?»

«እናትሽ እማማ አትጠገብ ካረፉ ነዋ።»

ከዚያ ፊቴን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ያ አላህ! አልነገሩሽም?»

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ። በማግስቱ ተቀበረች። ዐናብ ቀባሪዎቹን ሳይቀር ቆጠረችልኝ። እርስዎ ጥቁር ካፖርትዎን ለብሰው ከፊት እንደሄዱም ነገረችኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ለጥር ፈተና አጠና ነበር፤ እናቴ ባዘዘችኝ መሠረት።

ደብዳቤዎ ታኅሣሥ 3 ደርሶኛል። ስድስት ቀን ነበረኝ። ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር።

ግን ይህ አይደለም ያቃጠለኝ። መርዶ የሚዘገይበት አገር ልጅ ነኝ፤ ሰው ለፈተና ሲባል ሐዘን እንደሚደበቅበት አውቃለሁ። ዐናብ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እናቷ ጠዋት ጠዋት ወተቱን ይዛ ስትገባ እማዬ «የሐረር አውቶብስ ገባ?» ትላት ነበር። «ቀናው ጽፎላታል። ሳትነሣ አትቀርም» ትል ነበር። በየቀኑ። ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ።

ምንድን ነበር የጻፉልኝ? እሷ ያለችውን የት ጣሉት?

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የፔንዱለሙን ጊዜ ሳልለካ ከጓደኛዬ ገልብጬ ስጽፍ እጄን በማስመሪያ መቱኝ። «ያላየሽውን ልኬት ከመጻፍ ወረቀቱን ባዶ መተው ይሻላል» አሉኝ። እኔን ሳይንቲስት ያደረገኝ ያ ማስመሪያ ነው። እርስዎ ግን ሦስት ጊዜ በእናቴ አፍ ጻፉልኝ፤ ሁለቱን ከሞተች በኋላ። ሦስት ልኬት፣ ሦስቱም የፈጠራ። እኔ ሞኟ ደግሞ ማጽናኛዎን ራሴ አስልቼ ላክሁልዎ።

«የነበረ አይጠፋም» ብለው ተደስተዋል። እሺ። ሒሳቡ እንደሚሉት ይሁን። እንግዲያው ያ ጠዋትም አልጠፋም። እማዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ አውቶብሱን ትጠይቃለች፣ አውቶብሱ ይገባል፣ እኔ አልወርድም። ያ ጠዋት በነበረበት አለ፤ መቼም አያልፍም። ሊያጽናናዎት የጠሩት ዕውቀት ይህን ጨምሮ ነው የሚመጣው። መርጦ መውሰድ አይቻልም።

ማህደር ኃይለልዑል

---

ጅጅጋ፣ መስከረም 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለማህደር፤

ሰላም ልልሽ አልደፈርኩም። በቀጥታ ልጀምር።

ጥቅምት ላይ ሐረር ወስጄ አስመርምሬያት ነበር። ሳንባዋ ላይ ነው፣ ከገና አታልፍም አሉኝ። መድኃኒቱን የጠየቅሁሽ ለእሷ ነው። የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው።

ኅዳር 14 ቀን ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዲህ አለች፤ አሁን ምንም አልጨምርበትም፦ «ጻፍላት። አንቺ ልጅ፣ ሰውነቴ ከድቶኛል። ፈተናው ይቆይሻል፤ እኔ ግን አልቆይሽም። ነይ።» እጄ እየጻፈ ነበር። የጻፍኩት ግን ለአንቺ የደረሰውን ነው። ስጨርስ «አንብብልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ እሷ ያለችውን አነበብኩላት፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውን። «ጎሽ» አለችኝ። «አሁን ፖስታ ቤት ሂድ።» ሄድኩ።

ለአንቺ ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው። በ1966 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ተመርጬ ነበር። የአብዮቱ ግርግር መጣ፣ ትምህርቱ ቀረ። ከዚያ አባትሽ በጦርነቱ ሞተ፤ እናትሽ አንቺን ይዛ ቀረች፣ እኔም ከጅጅጋ ሳልነቃነቅ ቀረሁ። በ1981 አንቺ ስትሄጂ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ፈተና ሲቀርሽ እንድትመለሺ መፍቀድ አቃተኝ። እህቴ ስትሞት እያየሁ የእኔን ዶክትሬት አስቀደምኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ግን አንቺም ስሚ። ዘጠኝ ዓመት ነው። በዘጠኝ ዓመት ሦስት ጊዜ እመጣለሁ ብለሽ ሦስት ጊዜ ቀርተሻል። በ1987 አዲስ ልብስ አሰፍታ ጠብቃሻለች። ያኔ ማን ነበር ደብዳቤ የቀየረብሽ? «ነይ ካለች እመጣለሁ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ መልሱን የሚፈራ ልጅ ነው። እኔ የፈለግሽውን መልስ ሰጠሁሽ፤ አንቺም ሳትመረምሪ ተቀበልሽው። «ልጄ ሆይ» የሚለውን ያየሽው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ የጠየቅሽኝ መጋቢት ላይ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ።

ይህን ስጽፍ እንደምትጠዪኝ አውቃለሁ። ባልጽፈው ደግሞ አራተኛ የፈጠራ ልኬት ይሆናል።

ሃያ ስድስት ዓመት ጊዜ ምን እንደሆነ ያወቅሁ መስሎኝ አስተማርኩ። ከዚያ አንቺ አላወቅህም አልሽኝ፣ አመንኩሽ። አሁን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኅዳር 14ን መልሼ ልሠራት አልችልም። ይህን ደግሞ የትኛውም ሒሳብ ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

መልስ አልጠብቅም።

ቀናው

---

ድሬዳዋ፣ ጥር 26 ቀን 1992 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ለመጨረሻ ደብዳቤዎ አሥራ ስድስት ወር አልመለስኩም። ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስለ 1987 የጻፉት እውነት ነው። ስለ «ልጄ ሆይ» የጻፉትም እውነት ነው። ታኅሣሥ ላይ አይቼዋለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለዚህም ይቅር ልልዎት አልቻልኩም።

ዶክትሬቴን ኅዳር ላይ ተከላክዬ አልፌያለሁ። ከፈታኞቹ አንዱ «ብርሃናቸው ፈጽሞ ስለማይደርሰን ጋላክሲዎች አሉ ማለት ትርጉም አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም፤ የለካሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት» አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ አጨበጨቡልኝና አበባ ሰጡኝ። እኔ ግን ያለቀ ነገር እንዳስረከብኩ ሆኖ ነው የተሰማኝ፤ ለማን እንዳስረከብኩ እንኳ ሳላውቅ። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእማዬን ስምና ታኅሣሥ 9ን አስጽፌያለሁ።

ትናንት ጅጅጋ ነበርኩ።

ጠዋት ደርሼ በቀጥታ ኻድራ ጋ ሄድኩ። ከዐናብ የተላከላትን ሰጠኋት። ወደ መቃብሩ የወሰደችኝ እሷ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ «እዚህ እጠብቅሻለሁ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሐውልቱን ያሠሩት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ስሟ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ከምሳ በኋላ ድረስ እዚያው ቆየሁ። የምለው ነገር ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልወጣልኝም። በመጨረሻ «መጣሁ» አልኳት። ሌላ አላልኩም።

ስንመለስ ኻድራ «ቀናው ጋ አትሄጂም?» አለችኝ። «ብቻውን ነው። ዓይኑም እየደከመ ነው።» እሄዳለሁ አልኳት። ጋሪ ተሳፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ልመጣ ነበር የተሳፈርኩት። አቧራ ስለነበር ሻሼን እስከ አፌ ጠቅልዬዋለሁ።

በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሸምግለዋል። ጋዜጣ ይዘው ነበር፤ ዓይንዎ ሥር አስጠግተውት። ጋሪው ሲቃረብ ቀና አሉ፣ እንግዳ ሰው ያዩ መስሎዎት ባርኔጣዎን አነሡና ሰላም አሉኝ። እኔም እንደ መንገደኛ አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

ባለጋሪው ቤቱን ነግሬው ስለነበር ልጓሙን ሳብ አደረገና ዞሮ አየኝ።

«ይሄ አይደል? ልቁም?»

«አይደለም» አልኩት። «ንዳው።»

ማህደር